ካሬው ያልነገረን

ፓርኬ ሊያሳድስ ሠራተኛ የጠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በካሬ ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ በካሬ ብቻ የተጠራ ዋጋ አላምንም።

4 በ5 የሆነ ሳሎንና 2 በ10 የሆነ ኮሪደር እንውሰድ። ሁለቱም 20 ካሬ ናቸው። የሳሎኑ ዙሪያ ግን 18 ሜትር ሲሆን የኮሪደሩ 24 ነው። ትልቁ ማሽን ግድግዳው ሥር አይደርስም፤ ዳር ዳሩ በትንሹ ማሽን፣ ጥጉ ደግሞ ተንበርክኮ በእጅ ነው የሚፋቀው። ኮሪደር ላይ በሩም ይበዛል። ለሁለቱ እኩል ዋጋ የሚጠራ ሠራተኛ ወይ አልለካም፣ ወይ ጥጉን ሊዘለው አስቧል። እንጨቱም ለውጥ አለው፤ የባህር ዛፍ ፓርኬ ጠንካራ ስለሆነ የብርጭቆ ወረቀት ይጨርሳል፣ ዝግባ ደግሞ ለስላሳ ነውና ማሽኑ አንድ ቦታ ቆም ካለ ይጎደጉዳል።

ገንዘቡ የሚያርፈው መፋቁ ላይ ነው። አሮጌው ቫርኒሽ የሚነሣው በሻካራ ወረቀት፣ ብዙ ጊዜ በቁጥር 40 ነው። ከዚያ 60፣ 80፣ መጨረሻ ላይ 100 ወይም 120 ይከተላል። የእያንዳንዱ ሥራ ከእሱ በፊት ያለፈው የተወውን ጭረት ማጥፋት ነው። ይህን ያወቅሁት ከፍዬበት ነው። የእናቴን ሳሎን ሳሠራ ተከራክሬ ብዙ አስቀነስኩ፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ሠራተኛው ብዙ አልሞገተኝም፣ ከ40 ወደ 100 ዘለለ። እንጨቱ ደረቅ ሳለ ምንም አይታይም ነበር። ቫርኒሹ ሲያርፍበት ግን ጭረቱ ሁሉ ወጣ፤ ቫርኒሽ ጭረት አይሸፍንም፣ ያጎላዋል እንጂ። እናቴ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት በገባች ቁጥር ታየዋለች። ከዚያ ወዲህ ዋጋ የሚቀንስልኝን ሰው «ከሥራው ምኑን ልትቀንስ ነው?» እለዋለሁ።

የቫርኒሹ ሒሳብ ቀላል ነው። አንድ ሊትር አንዴ ሲቀባ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ 20 ካሬ 3 ጊዜ ሲቀባ 6 ሊትር ይፈልጋል። አንዲት ባለ 4 ሊትር ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ «ሦስት ጊዜ እቀባለሁ» የሚል ሰው ወይ ሁለቴ ይቀባል፣ ወይ በቲነር ያቀጥነዋል። የዘይቱ ዓይነት በየቅቡ መሃል ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን መድረቅ አለበት፤ መሃል ላይም በስሱ ተፈግፍጎ አቧራው ይጠረጋል። የተጠራላችሁ ዋጋ እነዚህንም ቀናት መያዝ አለበት።

ከሁሉ የማከብረው ግን ሥራውን የሚመልሰውን ሠራተኛ ነው። ፓርኬ በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል፤ እንጨቶቹ የሚቆላለፉበት ጥርስ ላይ ከተደረሰ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ደፉ ሥር ውፍረቱን አይቶ «ጋሼ፣ ይህ ወለል ሌላ ማሽን አይችልም፣ ሰም ይበቃዋል» የሚል ሰው ከገጠማችሁ የመጣበትን ሰዓት ክፈሉት፤ ስልኩንም ያዙ።

የሥራውን ጥራት ቆሞ በማየት አትፍረዱ። ማታ የቤቱን መብራት አጥፍታችሁ የእጅ ባትሪ ወለሉ ላይ አጋድሙ። ብርሃኑ በዝቅታ ሲሄድ የማሽኑ ማዕበል፣ የትንሹ ማሽን ክብ ክብ ጭረት፣ የተዘለለው ጥግ ሁሉ ጥላ ያወጣል። ከበር ጀርባ ጀምሩ፤ የሰነፍ እጅ የሚታወቀው እዚያ ነው። ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ ደግሞ በናይለን ካልሲ ተራመዱበት፤ አቧራ ተቀላቅሎበት ከሆነ ካልሲው ይይዛል።

እኔ ባትሪውን መጀመሪያ የማበራው መፋቁ አልቆ ቆርቆሮው ሳይከፈት ነው። ክፍያውንም በዚሁ እከፋፍለዋለሁ፤ ቀብዱ ለወረቀትና ለቫርኒሽ መግዣ፣ ሁለተኛው ያን ምሽት፣ የቀረው የመጨረሻው ቅብ ሲደርቅ። ያን ምሽት የተገኘ ጭረት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ቫርኒሹ ከተቀባ በኋላ የተገኘ ግን እንደገና ከ40 ያስጀምራል።