«በሞቴ» በማን ሞት?

በዓል በመጣ ቁጥር የማይቀር አንድ ጽሑፍ አለ። የዶሮንና የሽንኩርትን ዋጋ የሚዘግበውን ማለቴ አይደለም፤ እሱም አይቀርም። እኔ የምለው በጋዜጣው የጤና ዓምድ፣ በሬዲዮው የማለዳ ፕሮግራም፣ አንዳንዴም በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የምናገኘውን የስኳር ሕመምተኞች የበዓል ምክር ነው። ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ ይዞት ይቀራል፤ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት ሳይቀር እንደ ድርሰት ያነባል። የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረውስ ለማን ነው? ባለታሪኩ የት አገር ነው የሚኖረው? የበዓሉን ምክርም እንዲሁ ሳነበው ኖሬያለሁ። እንደ ድርሰት ካየነው ደካማ ድርሰት ነው። ድክመቱ የሰው ዓይን፣ የሰው እግር፣ ሲብስም የሰው ነፍስ ስለሚያስከፍል ሒስ ቢጻፍበት አይበዛበትም።

እስቲ ግሦቹን እንያቸው። «ይቆጠቡ»፣ «ይመጥኑ»፣ «ያስወግዱ»፣ «ይራቁ»። አክብሮት የተቀባ ትእዛዝ ነው። ሁሉም የሚናገሩት ለአንድ ሰው፣ ለበላተኛው ብቻ ነው። ጸሐፊው በሐሳቡ የሳለው ሰው ሳህኑን ይዞ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የሚዘዋወር፣ ከዚህኛው ትንሽ ከዚያኛው ትንሽ እያለ የሚያነሳ፣ ሲበቃው አመስግኖ የሚቀመጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሆቴል ቡፌ አይጠፋም። በመሶብ ዙሪያ ግን የለም። በመሶብ ዙሪያ እንጀራውን የምትደርበው ባለቤቲቱ ናት፤ ወጡን የምታወጣው እሷ፣ ሲጎድል የምትጨምረው እሷ፣ ጉርሻውን የምትጠቀልለው እሷ። ግሦቹም የእሷ ናቸው፦ «ብላ እንጂ!»፣ «ምነው፣ ወጤ አልጣመህም?»፣ «እቺን ብቻ!»። ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል የመጨረሻዋ ትመጣለች፦ «በሞቴ!»

በሞቴ መሐላ ነው። ተናጋሪዋ የራሷን ሞት መያዣ አድርጋ ታጎርሳለች። ጉርሻዋ ተመለሰብኝ ብላ የሞተች ሴት እስከ ዛሬ አልሰማንም። ጉርሻውን ተቀብሎ ሐኪም ቤት ያደረ ስኳር በሽተኛ ግን በየሰፈሩ አለ። መሐላው የእሷ፣ ዕዳው የእሱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ሁለተኛው ይከተላል። «ይቆጠቡ» ከ«በሞቴ» ጋር ቢገጥም ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ የሰዋስው ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እንግዲህ ለባለቤቲቱ መጻፍ የነበረበት ደብዳቤ በስሕተት ለእንግዳው ተልኳል ማለት ነው።

ለዚህ ክርክሬ ምስክር የምትሆነኝ፣ አልፎ አልፎ በዓል የማሳልፍባት አጣዬ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃንና ሰንበቴን ተሻግሮ ያገኛታል። የበዓል ቀን መቁጠሪያዋ እጥፍ ነው፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ በአንድ በኩል፤ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በሌላ በኩል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንዱ የሌላውን ደጅ ይረግጣል። ስጋው ግን እንደ ሃይማኖቱ ነው፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይቀምሰውም። ታዲያ ለእንግዳ ምን ይቀርባል? ዳቦው፣ ቀሪቦው፣ ቴምሩ፣ ለስላሳው፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ቡና። ልብ በሉ፤ የጎረቤት በዓል ላይ የሄደው ስኳር በሽተኛ ደሙን እምብዛም የማይነካው ስጋ ቀርቶበት፣ በቀጥታ የሚነካው ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ይህንን የሚያውቅ የበዓል ምክር እስከ አሁን አላነበብኩም።

«ለስላሳ መጠጦችን ያስወግዱ» ይላል ምክሩ። እውነት ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አጣዬ ላይ ግን ጠርሙሱ ጠርሙስ ብቻ አይደለም። ከተማዋ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነድዳለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደርሶባታል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቤት ገብቶ መቅመስ «ዛሬም አብረን ነን» ማለት ሆኗል። የተከፈተለትን ጠርሙስ ገፋ የሚያደርግ እንግዳ ስለ ጤናው ብቻ እንደተናገረ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ይጠጣዋል። ባለቤቲቱ አስቀድማ ውኃ ወይም ስኳር ያልገባበት ቡና ብታቀርብለት ኖሮ ሁለቱም ነገር በተረፈ።

ስሙም የራሱ ጣጣ አለው። «ስኳር በሽታ» ብለን ጠራነው፤ ስሙ ነገሩን በላው። በሽታው ስኳር ከሆነ ጠላቱም ስኳር ብቻ ነው ተባለና፣ ሰውየው ቡናውን ያለ ስኳር ጠጥቶ ከድፎ ዳቦው ሦስት ቁራሽ ያነሳል። የሚጣፍጥ ነገር ካመጣው የሚመር ነገር ይወስደዋል ተባለና ሬትና ሽፈራው ይጨመቃል። ማር የተፈጥሮ ነው፣ ስለዚህ ብርዙም ጠጁም አይጎዳም። ማሽላ የቆላ እህል ነው፣ ስለዚህ ለስኳር ፍቱን ነው። ክፍል ውስጥ ይህንን ዘይቤን እንደ ቃሉ መፍታት እንለው ነበር፤ ተማሪ ነጥብ ያጣበታል፣ በሽተኛ ጣት ያጣበታል። ሆድ ዘይቤ አያውቅም። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ማሽላውም ስንዴውም ከዚያ እምብዛም አይርቁም፤ ሁሉም ተፈጭቶ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። ማሩማ ከመጀመሪያውም ስኳር ነው።

የሚገርመው ደግሞ ምክሩ በየዓመቱ ዶሮ ወጥን መክሰሱ ነው። ቅቤው ልክ ይኑረው፣ ለልብ ጥሩ አይደለም፤ እስማማለሁ። ስጋውና እንቁላሉ ግን የደሙን ስኳር ከፍ የማድረግ አቅማቸው አነስተኛ ነው። ዋናው ተከሳሽ ከወጡ ሥር ተነጥፏል፤ እንጀራው ነው። አንድ እንጀራ ተኩል በሽሮ በልቶ «ዶሮውን አልነካሁም» እያለ የሚኩራራ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ!

የስሙ መዘዝ ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ቦታ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ ዓይነት እንክብሎችን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘገይበት ስኳሩ ይወርዳል። በዓል ላይ ደግሞ ምግብ መዘግየቱ አይቀርም፤ እንግዳ ይጠበቃል፣ ዶሮው አልበሰለም፣ ቄሱ አልመጡም። ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ቤቱ ውስጥ ጠላና አረቄ ስላለ «ሰክሯል፣ አስተኙት» ይባላል። በእርግጥ ቀምሶም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ይብስበታል፤ አልኮል በባዶ ሆድ ስኳርን ይበልጥ ያወርዳል። አንድ አስተዋይ ተነስቶ «ስኳር በጥብጡለት» ቢል «እንዴ! ስኳር በሽተኛ እኮ ነው፣ ልትገድሉት ነው?» የሚል አይጠፋም። በዚያች ሰዓት የሚያድነው ግን ያው የተወገዘው ነው፦ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፤ 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው መድገም፤ ሲሻለው ምግብ ማብላት። ራሱን ስቶ ከሆነ በአፉ ምንም ሳይሰጡት ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ። ይህቺ አንቀጽ በምክሩ ራስ ላይ፣ በትልቁ መጻፍ ነበረባት። እኔ ባነበብኳቸው ውስጥ ከተገኘችም መጨረሻ ላይ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ የለችም።

ምግብን ሁሉ እንደ ጠላት የማየቱ ልማድ ታሪክ አለው። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ፍሬድሪክ አለን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሽተኞቹን በረሃብ ያቆያቸው ነበር፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ምን ልከልክለው?» መሆኑ ቀርቶ «ምን፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት ይብላ?» ሆነ። የእኛ የበዓል ምክር ቋንቋ ግን ከ1922 ወዲያ ማዶ ቀርቷል። አትብላ፣ አትንካ፣ ዞር በል።

ባለታሪኩንም እንየው። የምክሩ ባለታሪክ ሁልጊዜ ወፍራም ነው። ሥዕሉ ላይ ቦርጭ አለው፣ ሶፋ ላይ ተጋድሟል፣ «ክብደትዎን ይቀንሱ» ይባላል። ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፣ አልክድም። ነገር ግን በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር የተካሄዱ ጥናቶች ሌላ ሰው ያሳዩናል፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ቀጭን ገበሬ፣ በልጅነቱ ጠግቦ ያላደገ። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም እ.ኤ.አ. በ1985 በዝርዝሩ አስገብቶት በ1999 አውጥቶት ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። ለዚህ ሰው በዓል ማለት በዓመት ከስንት አንዴ ስጋና እንቁላል የሚቀምስበት ቀን ነው። እሱንም «ራቅ» እንበለው? ቀበቶው ሦስት ጊዜ የተበሳበትን ሰው «ክብደትህን ቀንስ»?

ስለ ምግቡ ዝርዝርማ ባልናገር ይሻል ነበር። ቡናማ ሩዝ፣ ብሮኮሊ፣ የወይራ ዘይት፣ ሳልመን ዓሣ። ትርጉም መሆኑ ከሩቅ ይሸታል፤ ተርጓሚው እንኳ ገበያ ወጥቶ አልጠየቀም። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ዙሪያ የሚበቅለው ማሾ ነው። በቀዌትም በኤፍራታና ግድምም ገበሬው ያመርተዋል፤ አብዛኛውን ለገበያ ነው፤ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል አልፎ ባሕር ይሻገራል። ጥራጥሬ በመሆኑ ስኳርን ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፣ ፕሮቲንም አለው፣ ያጠግባል። ግማሽ እንጀራ፣ ላይዋ ላይ ማሾ ወጥና ጎመን፣ ከጎኑ ዶሮዋ ከነእንቁላሏ፤ ይህ የማንም ስኳር በሽተኛ የበዓል ገበታ መሆን ይችላል፤ ምንም ከውጭ የሚመጣ ነገር የለበትም። ችግሩ ማሾ በበዓል መሶብ ላይ ያሳፍራል። የጾም ይመስላል፣ የችግር ይመስላል፤ ባለቤቲቱ «ምን አሉኝ» ትላለች። ይህንን እፍረት የሚያነሳላት አንድ ዓረፍተ ነገር በሬዲዮ ቢነገር ከአሥር ብሮኮሊ ይበልጥ ነበር።

ጾሙን ሳልነካ አላልፍም፤ ከበዓሉ በፊት የሚመጣው እሱ ነውና። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ወር ውስጥ ገጠሙ፤ አጣዬ ላይ ግማሹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ግማሹ እስከ ማታ አፉን ይዞ ዋለ። «ሕመምተኛ አይጹም» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቁርአንም ሕመምተኛን ነፃ አድርጓል፣ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ትፈቅዳለች። ሰው ግን ይጾማል። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ዓይነት 1 ካለባቸው ሙስሊሞች 43 በመቶው፣ ዓይነት 2 ካለባቸው 79 በመቶው ረመዳንን ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። እንግዲህ የሚጠቅመው ለሚጾመው ሰው የሚነገር ነገር ነው፦ ጾሙ ሳይገባ የመርፌውን መጠንና ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል፣ ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ሰዓት ሳይጠብቁ ማቋረጥ። መለኪያው የሌለው ደግሞ ላቡንና መንቀጥቀጡን እንደ ደወል ይስማው። የፋሲካ ሌሊትም ሆነ የኢድ ጠዋት የሚመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው፤ ባዶ የቆየ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ ሁሉም ይጫናል።

አጣዬ ውስጥ አንዲት እናት አውቃለሁ። ምክሩን አንብባ አታውቅም፤ ማንበብም አትችልም። ባለቤቷ የሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ ስኳር አለባቸው፤ በየበዓሉ ይመጣሉ። በር ላይ ስትቀበላቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ መርፌዎን ወስደዋል?» ትላቸዋለች። ወስደው ከሆነ ሌላው እንግዳ እስኪሰበሰብ አታስጠብቃቸውም፤ ለብቻ በትንሽ ትሪ ታቀርባለች፤ እንጀራውን ጓዳ ውስጥ ቆርጣ ነው የምታመጣው፣ ሙሉውን ማንም አያየውም፣ ማንም አይቆጥርም። መደርደሪያው ላይ አንዲት ጣሳ ስኳር አለች፤ ለምን እንደተቀመጠች ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። በልተው ሲያበቁ «እስኪ ከልጆቹ ጋር ወጣ ብለው የተሠራውን አጥር ይዩልኝ» ብላ ትንሽ ታስሄዳቸዋለች። ከእንግዶቹ አንዱ ሞቅ ብሎት ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ሽማግሌው ሲያንጋጥጥ ካየች ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች።

«በሞቴ፣ ይብቃቸው!»