ታንኩ ከፓርኩ ሥር ወይስ ከመንገዱ ማዶ?

መጸዳጃ ቤት ውሃ ለቃችሁ ስትወጡ፣ ያ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በኒውዮርክ አሮጌ ሰፈሮች የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽም የመንገዱ ጎርፍም የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ችግር የለም፤ ሁሉም ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ቱቦው ይሞላል። ፍሳሹ ወደ ቤት እንዳይመለስ ተብሎ ድሮውኑ ማስተንፈሻ ተሠርቶለታል፤ በዚያ በኩል ድብልቁ ሳይጣራ ወደ ቅርቡ ወንዝ ወይም ቦይ ይለቀቃል። ብሩክሊን ያለው የጎዋነስ ቦይ ከተቀባዮቹ አንዱ ነው። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽታው ግን ከዚያ ያልፋል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2010 ቦዩን ሱፐርፈንድ በሚባለው የከባድ ብክለት መዝገብ ውስጥ አስገባው። በ2013 ደግሞ ሁለት የመሬት ውስጥ ታንኮች እንዲሠሩ ወሰነ። ትልቁ ወደ 30 ሚሊዮን ሊትር ይይዛል፤ 12 የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳ በሉት። ዝናቡ እስኪያባራ ፍሳሹን ያቆየዋል፤ ከዚያ በፓምፕ ወደ ማጣሪያው ይልከዋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ከባዱ ጥያቄ ቦታው ነው። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይፈስም፤ ስለዚህ ታንኩ መቀመጥ ያለበት ቱቦው ከቦዩ ጋር በሚገናኝበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። እዚያ ሰፈር ያሉት አማራጮች ሁለት ነበሩ፤ ቶማስ ግሪን የተባለው የሕዝብ ፓርክ፣ ወይም ከመንገዱ ማዶ ያሉ የግል ይዞታዎች። ኤጀንሲው ወደ ፓርኩ አደላ። ከፓርኩ ሥር በድሮ ጊዜ የጋዝ ፋብሪካ የተወው የድንጋይ ከሰል ሬንጅ አለ፤ መጽዳት ስላለበት አፈሩ መቆፈሩ አይቀርም። ታዲያ አንዴ ከተቆፈረ ታንኩንም እዚያው ብናስቀምጠውስ? እኔን ይህ ክርክር ያሳምነኛል።

ከተማው አልተስማማም። ፓርኩ ውስጥ የሰፈሩ ልጆች በጋውን የሚያሳልፉበት መዋኛ አለ፤ እሱን ለዓመታት መዝጋት ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ ሕጉ አለ። በኒውዮርክ ግዛት የፓርክ መሬት ለሕዝብ በአደራ የተያዘ ነው፤ ለሌላ ሥራ ለማዋል የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት መፍቀድ አለበት። «ከመሬት በታች ነው፣ ላዩን መልሰን ሣር እናለብሰዋለን» ማለትም አያድንም። በ2001 የግዛቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን በግልጽ ወስኗል። ጉዳዩ በብሮንክስ ቫን ኮርትላንድ ፓርክ ሥር ሊሠራ ስለታሰበ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ነበር።

እኔ የከተማውን ምክንያት የምጠራጠረው እዚህ ላይ ነው። የቫን ኮርትላንድ ታሪክ በፍርዱ አላበቃም። ምክር ቤቱ በ2003 ፈቀደ፤ ለብሮንክስ ፓርኮች ማሻሻያም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመደበ። ማጣሪያው ተሠርቶ ዛሬ ጣሪያው ላይ ጎልፍ ይለማመዱበታል። ሕጉ በሩን አልዘጋም፤ የመግቢያ ዋጋ ነው የተመነው። ያ ዋጋ ደግሞ ለሰፈሩ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም መሬቱን የሚፈልገው አካል ካሳውን በአደባባይ እንዲደራደር ያስገድደዋል። ጎዋነስ ላይም ተለዋጭ መዋኛው አስቀድሞ ይሠራ፣ ገንዘቡም በሕግ ይጻፍ ብሎ መከራከር ይቻል ነበር።

በ2016 በተደረገው ስምምነት ግን የግል ቦታዎቹ እንዲወሰዱ፣ ፓርኩ በመጠባበቂያነት እንዲቀመጥ ተወሰነ። ለከተማው ፍትሐዊ ልሁንና፣ በዚህ መንገድ ከታንኩ በላይ አዲስ የሕዝብ ክፍት ቦታ ይገኛል። ለመዘግየቱም ጥፋቱ የመሬቱ ብቻ አይደለም፤ ከተማው መሃል ላይ «ታንኩ ይቅርና ዋሻ እንሥራ» ብሎ ጠይቆ በ2019 እምቢ ተብሏል። ቢሆንም ከሕጉ ሸሽቶ ጊዜ አላተረፈም። ኤጀንሲው በ2021 እንኳ ታንኮቹን ሥሩ የሚል ትእዛዝ ማውጣት ነበረበት።

ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ትንሹ ታንክ ብዙ አልተወራም። እሱ የተመደበለት ከተማው ራሱ የያዘው ቦታ ነው፤ የመንገድ በረዶ ማቅለጫ ጨው ይከመርበት ስለነበር «የጨው ግቢ» ይሉታል። በጎ ፈቃደኞች ብስባሽ የሚያዘጋጁበትና አገር በቀል ችግኝ የሚያፈሉበት ቦታም ነበር። የሕዝብ መሬት ነው፣ ግን ካርታው ላይ «ፓርክ» ስላልተባለ ያ ጠንካራ ሕግ አይደርስለትም። ሁለቱም ቦታ አረንጓዴ ነው፣ ሁለቱንም ሰው ይጠቀምባቸዋል፤ አንደኛው ጠበቃ አለው፣ ሌላኛው የለውም። እኛ መሐንዲሶች የወጪ ሠንጠረዥ ስንሠራ እንዲህ ላለው ቦታ «የመሬት ዋጋ፦ 0» ብለን የማለፍ ልማድ አለን። ዜሮው ግን ከተማው ለራሱ አልከፈለም ማለት ነው እንጂ ማንም አላጣም ማለት አይደለም።

የቦዩን ጥቁር ዝቃጭ ማውጣት በኅዳር 2020 ተጀመረ፤ ያኔ ታንኮቹ አልነበሩም። ወለሉ እየተጠረገ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከዚያው ማስተንፈሻ ያው ድብልቅ ወደ ቦዩ መውረዱን ቀጠለ።