ዞማ ሙዚየምና የጭቃ ግድግዳ፤ ከኮልፌ ሲታይ

ቤተ መዘክር በአብዛኛው ዘመናቸው ያለፈ ዕቃዎች የሚጠበቁበት ቦታ ነው። የዘመኑን ሥነ ጥበብ የሚሰበስበው ቤተ መዘክር ግን ሌላ ችግር አለበት፤ ይኸውም ገና በሕይወት ያለውን ነገር ሳይገድል እንዴት ለማቆየት ይችላል የሚለው ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም መመዘን የሚገባው በዚህ ጥያቄ ነው።

መሥራቾቹ የሥነ ሰብእ ምሁር የሆኑት መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው፤ ስሙም የወጣት ሠዓሊ ዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የተለቃቀመ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣለ የኮምፒውተር ዕቃ እየጠለፈና እየገጣጠመ በሚሠራቸው ሰፋፊ ሥራዎች በውጭ አገር ጭምር የታወቀ ነው። ሌላው የናቀውን ማክበር የሚለው ይኸው ሐሳብ በቤተ መዘክሩ ግድግዳ ላይም ይታያል። ግድግዳው የእንጨት፣ የጭቃና የጭድ ሥራ ነው፤ በላዩም ጥምዝ ቅርጾች ወጥተውበታል።

ከዚያ ብዙም በማይርቀው በኮልፌ የጭቃ ቤት ማለት የድኅነት ምልክት ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚያፈርሰው ይህንኑ ግድግዳ ነው። የኮልፌ ሰው ወደ መካኒሳ ወርዶ የገዛ ቤቱን ግድግዳ በመግቢያ ዋጋ ሲጎበኝ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ሳቁ ሲያበቃ፣ ያፈረሰው ነገር ምን እንደ ነበረ መጠየቁ አይቀርም። የዞማ ትልቁ ውለታ ይህን ጥያቄ ማስነሣቱ ነው።

ጉድለቱም የሚፈለገው ከዚሁ አጠገብ ነው። በስድስት ኪሎ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል የሚገኙት፣ ከጀርመን የተመለሱት ሥዕሎች፣ የሠዓሊያቸው እጅ በ1973 ዓ.ም. በስደት ያረፈ በመሆኑ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ቢጠበቁ ይበቃቸዋል። የጭቃ ግድግዳ ግን እንዲህ አይደለም። ዝናብ ያጥበዋል፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ጭቃውን ከጭድ ጋር የሚያቦካ፣ የሚረግጥና መልሶ የሚመርግ ሰው ዘወትር ያሻዋል። እንግዲህ የዚህ ሥራ ግማሹ ግድግዳው ሲሆን፣ ግማሹ የመራጊው ሙያ ነው። ጎብኚው ግን የቅርጹን ውበት አድንቆ ይወጣል እንጂ፣ ጭቃው ስንት ቀን እንደ ቦካ፣ ጭዱ ምን ያህል እንደ ሆነ አይጠይቅም። ውበቱ ራሱ ሙያውን ይሸፍነዋል።

በኮልፌም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው በብሎኬት ሲተኩ፣ ሙያውን የሚያውቁት ሰዎች ይበተናሉ፤ የሚያስተምሩት ልጅም አያገኙም። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነቱ ቤተ መዘክር መዝገብ ከሠዓሊው ስም ቀጥሎ የመራጊውን ስም፣ የአፈሩን ዓይነትና የአሠራሩን ሥርዓት ሊይዝ ይገባል። ይህ ካልሆነ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ የሚያደንቀው ሰው ይገኛል፤ የሚጠግነው ግን አይገኝም።