የሙዚቃ መሣሪያን መማር፦ ስለ ጥቅሙ የሚቀርቡት ማስረጃዎች ሲመረመሩ

የሙዚቃ ትምህርት በመደበኛው ትምህርት ቤት ስለሚኖረው ቦታ ክርክር በተነሣ ቁጥር ተሟጋቾቹ አንድ መከራከሪያ ያስቀድማሉ፤ ይኸውም መሣሪያ መጫወት የሚማር ሕፃን በሒሳብና በንባብ ይበረታል፣ አእምሮውም ይሰላል የሚለው ነው። መከራከሪያው ለወላጅም ለበጀት ክፍልም ጆሮ የሚጥም ነው። ይሁን እንጂ የቆመበት መሠረት ሲመረመር ጽኑ ሆኖ አይገኝም፤ ከዚህም የከፋው የመሣሪያ ትምህርትን እውነተኛ ጥቅም ከዓይን የሚሰውር መሆኑ ነው።

በ1993 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ራውሸርና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ዘገባ፣ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ ለ10 ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ ቅርጽንና ቦታን በሚመለከት ፈተና የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን ገለጹ። ውጤቱ ከሩብ ሰዓት ያለፈ ዕድሜ አልነበረውም። ተፈታኞቹ አዳመጡ እንጂ አልተጫወቱም፤ ሕፃናትም አልነበሩም። ሆኖም ወሬው ከዘገባው ፈጥኖ ሄደ። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጆርጂያ አገረ ገዥ የነበሩት ዜል ሚለር በግዛቲቱ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲታደል 105 ሺህ ዶላር በጀት ጠየቁ። ከ36 ተማሪዎች የተነሣው ነገር እንዲህ ሆኖ አራስ ቤት ገባ።

ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የተደረገበት የግሌን ሼለንበርግ ጥናት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው በዚህ ጥናት 144 የስድስት ዓመት ልጆች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ የመሣሪያ፣ ከፊሎቹ የድምፅ፣ ከፊሎቹ የድራማ ትምህርት ሲሰጣቸው የቀሩት ምንም ሳይጨመርላቸው አንድ ዓመት ቆዩ። በዓመቱ የሁሉም የአእምሮ ችሎታ ነጥብ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሙዚቃ የተማሩት በአማካይ 7፣ ሌሎቹ 4 ነጥብ ያህል ጨመሩ። ልዩነቱ 3 ነጥብ እንኳ አይሞላም። በማኅበራዊ ጠባይ የተሻሻሉት ደግሞ ድራማ የተማሩት ነበሩ፤ ይህን የሙዚቃ ተሟጋቾች ሲጠቅሱት እምብዛም አይሰማም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሳላና ጎቤ 54 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ማነጻጸሪያው በሚገባ በተዘጋጀበት ጥናት ሁሉ ሙዚቃ በሌላ ትምህርት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ ክራር ለሒሳብ ውጤት ተብሎ ወደ ክፍል የሚገባ ከሆነ፣ የሒሳቡ ውጤት ከፍ ሳይል በቀረ ማግሥት ከክፍሉ መውጣቱ አይቀርም።

ለመሆኑ መሣሪያው ራሱ ምን ያስተምራል? ማሲንቆን ማየት ይበቃል። ክሩ አንድ ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ምልክት የለውም። ልጁ ድምፁን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ጣቱ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ስሕተቱ ወዲያውኑ ይሰማዋል፤ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ መምህር አያስፈልገውም። ራሱ ሰምቶ ራሱ ያርማል፤ ደግሞ ይሞክራል። በሌሎች ትምህርቶች ተማሪው የደብተሩን እርማት ቀናት ሲጠብቅ ይታያል፤ እዚህ ግን ሥራውና ፍርዱ በአንድ ቅጽበት ይገናኛሉ።

ክራር ደግሞ ከመጫወት በፊት መቃኘትን ያስገድዳል። ባለ ስድስት ክሩ ክራር አምስት ድምፆችን ይዞ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል፤ ሁለቱ አንድም ሁለትም መሆናቸውን ልጁ የሚረዳው በትርጓሜ ሳይሆን ክሩን አጥብቆና አላልቶ እስኪገጥሙለት በመጠበቅ ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሲሸጋገር የቅኝቱ ለውጥ የዜማውን ስሜት እንዴት እንደሚለውጥ በገዛ እጁ ይደርስበታል። ሁለት ልጆች ክራራቸውን አንድ ላይ ለማስማማት ሲሞክሩ አንዱ የሌላውን ለመስማት ዝም ማለት አለበት። ዝም ብሎ መስማትን ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር የክፍል ሥራ በቀላሉ አይገኝም።

በኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት እንግዳ አይደለም። በአቋቋም ቤት ደቀ መዝሙሩ ከበሮውንና ጸናጽሉን ከመምህሩ እጅ እያየ ለዓመታት ይለማመዳል። አሥር ክር ያለው በገና የመኳንንትና የካህናት ክብር ሆኖ ሲኖር፣ ማሲንቆ ግን አዝማሪ ለተባለው ሰው ተትቶ ከነባለቤቱ ሲናቅ ኖሯል። ንቀቱ እንግዲህ ከመሣሪያ መጫወት የመጣ ሳይሆን ከተጫዋቹ ማንነት ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬም ልጁ ማሲንቆ ይዞ ሲገባ ፊቱን የሚያጨፈግግ ወላጅ አልጠፋም።

በትምህርት ቤቱ በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው። ሙዚቃ ከሥዕልና ከቴአትር ጋር ተጣምሮ በአንደኛ ደረጃ ይሰጣል፤ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ግን ትምህርቱ ስለ መሣሪያ ማውራት ሆኖ ይቀራል። ተማሪው «ክራር ስንት ክር አለው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በትክክል ይመልሳል፤ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ክራር ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ዋና ለማስተማር የወንዞችን ስም ማስጠናት እንደማለት ነው። ጥፋቱን በመምህሩ ላይ መጫንም አይገባም። እርሱም በማሠልጠኛው ኮሌጅ ኖታ በሰሌዳ ላይ ቀድቶ የተመረቀ ከሆነ ያልተቀበለውን ሊሰጥ አይችልም።

መሣሪያ ውድ ነው የሚለው ምክንያት በከፊል ብቻ እውነት ነው። ፒያኖ ውድ ነው፤ ዋሽንት ግን ከሸምበቆ ይሠራል፤ አራት ቀዳዳዎቹንም የሚለካና የሚበሳ ሰው በብዙ ወረዳ አለ። ይህ ሰው ወደ ክፍል እንዳይገባ የሚያግደው የምስክር ወረቀት አለመያዙ ነው። መምህሩ ወረቀቱን፣ ባለሙያው ዕውቀቱን ይዘው በአንድ ክፍል ቢገናኙ ሥርዓተ ትምህርቱን መለወጥ እንኳ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ለባለሙያው የሰዓት አበል የሚፈቅድ የአስተዳደር ደብዳቤና መምህሩም ከልጆቹ እኩል ተቀምጦ ለመማር ፈቃደኛ መሆኑ ነው።

ምዘናውም ከዚሁ ጋር መለወጥ አለበት። በመንፈቁ መጨረሻ ያልተቃኘ ክራር ለተማሪው ይሰጠው፤ ማንም ሳይረዳው በትዝታ ይቃኘው፤ መምህሩም ዓይኑን ጨፍኖ ይስማ።