የተሸሸገው ሕግ፦ በፊደል ላይ ስለቆሙ የግምት ጨዋታዎች

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ግሪን ግላስ ዶር» የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ሕጉን ያውቃል፤ ሌሎቹ በአረንጓዴው የመስታወት በር ምን እንደሚያልፍ እየጠየቁ ይገምታሉ። «አፕል» ያልፋል፣ «ኦሬንጅ» አያልፍም፤ ቡችላው «ፓፒ» ያልፋል፣ «ዶግ» ይመለሳል። ገማቾቹ መጠንን፣ ቀለምን፣ ዕድሜን ያወጣሉ ያወርዳሉ። ሕጉ ግን ስለ ነገሮቹ አንዳች አይናገርም፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ጎን ለጎን የተደገመበት ቃል ሁሉ ያልፋል። የበሩ ስም የተሠራባቸው ሦስቱም ቃላት እንዲህ ያለ ድግም ፊደል ስላላቸው ፍንጩ ከመነሻው ፊት ለፊት ተቀምጧል። የማይታየው፣ ንባብ የለመደ ዓይን ፊደሉን አልፎ ወደ ትርጉሙ ስለሚሮጥ ነው። የጨዋታው ትልቅ ዋጋም ይህን ልማድ ለምርመራ ማቅረቡ ይመስለኛል።

ከልማዱ የሚያወጣው መንገድ «አይሆንም» የሚለውን መልስ አስቦ መፈለግ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ዋሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት ለተሳታፊዎች 2፣ 4፣ 6 የተሰወረ ሕግ እንደሚያሟሉ ነግሮ ሕጉን እንዲያገኙ ጠየቃቸው። ሕጉ «እየጨመረ የሚሄድ ማንኛውም ሦስት ቁጥር» ነበር። ብዙዎቹ ግን ግምታቸውን የሚደግፉ ቁጥሮችን ብቻ እያቀረቡ ተሳሳቱ፤ ከ29ኙ ሳይሳሳቱ ትክክለኛው ላይ የደረሱት 6 ናቸው። በበሩ ፊትም እንዲሁ ነው፤ ሕጉ «ትናንሽ ነገሮች» የመሰለው ሰው ትንሽ ትንሹን ብቻ ከጠየቀ ከስህተቱ አይወጣም። ሮበርት አቦት እ.ኤ.አ. በ1956 የፈጠረው «ኢሉሲስ» የተባለ የካርታ ጨዋታም የተሰወረን ሕግ ማግኘትን ዋና ሥራው አድርጎታል።

ሕጉ የዘፈቀደ ስለሆነ ማግኘቱ ዕውቀት አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሕጉ የዘፈቀደ መሆኑ እውነት ነው፤ አፈላለጉ ግን አይደለም። ሕጉ እስካልተለወጠና መልሱ በታማኝነት እስከተሰጠ ድረስ ግምት በማስረጃ ይወድቃል ወይም ይቆማል። ጨዋታው አዋቂዎችን በማያውቁት ላይ ያስቃል የሚለው ወቀሳ ይበልጥ ይከብዳል። በእርግጥም ሕግ ጠባቂው ለመኩራት ብቻ ሲጫወት ጨዋታው ይበላሻል። የገባው ሰው ሕጉን ሳይናገር አዲስ ቃል በማሳለፍ ማወቁን እንዲያሳይ፣ ያልገባውም ያለ ገደብ እንዲሞክር ማድረግ ግን ይህን በእጅጉ ያቃልላል።

ጨዋታውን ወደ አማርኛ እንዳለ ማምጣት አይቻልም። በአማርኛ የድምፅ መጥበቅ በጆሮ ይሰማል እንጂ በፊደል አይታይም፤ «አለ» ላልቶም ጠብቆም የሚጻፈው በአንድ መልክ ነው። የእኛ ሀብት በፊደል ገበታው ሰባት ቤቶች ውስጥ ይገኛል። ላም ትገባለች፣ በሬ አይገባም፤ ሰሚው «ሴት ብቻ» ይላል። በግ ይገባል፣ ዶሮ አይገባም፤ ወንበር ይገባል፣ ጠረጴዛ አይገባም። የሚገባው በሳድስ ፊደል የሚያልቅ ቃል ነው። ይህን ለማግኘት ልጁ ሰባቱን ቤቶች መለየት ይኖርበታል። የፊደል ገበታን በዜማ የምታስጠኑ መምህራን፣ ከቃል ጥናቱ ቀጥሎ ይህን ጨዋታ ሞክሩት፤ ሕጉንም ልጆቹ ራሳቸው እስኪደርሱበት ድረስ አትንገሯቸው።