ጆን ኤላና የእልፍኝ ሙዚቃ አድማጮች

ጥቂት ሙዚቀኞች ያለ መሪ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይዘው የሚጫወቱት ረቂቅ ሙዚቃ የእልፍኝ ሙዚቃ ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው መነሻው ቤት ነው። ከእልፍኝ ወጥቶ ወደ አዳራሽ ሲገባ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም አድማጩ ማን ይሁን? የሚል ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በሎንዶን ሁለት ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል፤ እነርሱም የቫዮሊን ተጫዋቹ ጆን ኤላና የሙዚቃ ነጋዴው አርተር ቻፔል ናቸው።

ኤላ በ1802 እ.ኤ.አ. በሌስተር ከተማ ተወለደ። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ እንዲሆን ቢያስብለትም፣ እርሱ ቫዮሊን ተምሮ በቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ተቀጠረ። በ1845 «ሙዚካል ዩኒየን» የተባለውን ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም እስከ 1881 ድረስ ዘለቀ። ሙዚቀኞቹን በአዳራሹ መካከል አስቀምጦ አድማጩን በዙሪያቸው አደረገ፤ በጨዋታው ጊዜም ወሬ እንዳይኖር አጥብቆ አሳሰበ። ከዚህም በላይ የሚቀርበውን ድርሰት የሚተነትን ጽሑፍ፣ ከኖታ ምሳሌ ጋራ፣ ለአባላቱ አስቀድሞ ይልክ ነበር።

በእኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ጽሑፍ ነው። በአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች የሚቀርብ ድርሰት ቃልም ትርኢትም የለውም፤ ስለዚህ ያልተዘጋጀ ጆሮ የሚይዘው ነገር ያጣል። ኤላ መስማት የሚጠና ነገር መሆኑን ተረድቶ ነበር።

ነገር ግን ወደ ማኅበሩ የሚገባው አባል የመሰከረለት ብቻ ነበር፤ የሚበዙትም መኳንንትና ባለጸጎች ነበሩ። ጨዋታው የሚቀርበው ከቀትር በኋላ ስለ ነበር ሠራተኛው ሊደርስበት አይችልም። እንግዲህ መስማት በትምህርት ይገኛል ብሎ ያመነው ሰው፣ መማር ለሚሹት ለብዙዎቹ በሩን ዘግቶባቸዋል ማለት ነው።

ምናልባት ያለ ባለጸጎች መዋጮ እነ ዮሴፍ ዮአኺምን የመሰሉ ሊቃውንት ባልመጡም ነበር የሚል ይኖራል። ቻፔል ግን ከ1859 ጀምሮ ሰኞ ማታ በሴንት ጄምስ አዳራሽ በአንድ ሽልንግ መቀመጫ ሸጠ፤ ለሽልንግ ከፋዩም ያው ዮአኺም ተጫወተለት። የቻፔል ቤተ ሰብ የንግድ ቤት ፒያኖና የታተመ ኖታ ይሸጥ ነበርና አድማጭ ሲበዛ ገበያውም ይደራል። በዚህ አንነቅፈውም፤ የአርቲስቱ ፍቅር ያላደረገውን የነጋዴው ስሌት አድርጎታልና።

ሆኖም ለሰኞ ማታ አድማጮች ይቀርብ የነበረው የትንታኔ ጽሑፍ ኤላ አስቀድሞ ያስለመደው ነው። ስለዚህ ኤላን በትምህርቱ ልናመሰግነው፣ በመራጭነቱም ልንወቅሰው ይገባል እንላለን።