የቆዩ ቪዲዮዎችን ለትምህርት የማጉላት መመዘኛ

የቆዩ የቪዲዮ ቅጂዎችን በኮምፒዩተር አጉልቶ በሰፊ ስክሪን ለማሳየት የሚያስችሉ ፕሮግራሞች በርክተዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡትም በምስሉ ጥራት ብቻ ነው። ይህ መመዘኛ ለመዝናኛ ይበቃ ይሆናል፤ ለማስተማሪያ ግን አይበቃም።

ለአብነት ያህል፣ የአሰላው ተወላጅ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰኮንድ የቀደመበትን ፍጻሜ መውሰድ ይቻላል። በአሰላ ስለ ፍጥነትና ስለ ጊዜ ለሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይሠራበት በነበረው የፓል ሥርዓት በ1 ሰኮንድ 50 ግማሽ ምስሎች፣ ማለትም ፊልዶች፣ ይተላለፉ ነበር። አንዱ ፊልድ 0.02 ሰኮንድ ስለሆነ በሁለቱ ሯጮች መካከል ከአራት በላይ ፊልዶች ይቆጠራሉ።

ፊልዶቹን ወደ ሙሉ ምስል ለመለወጥ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ልዩ ልዩ ስልቶች አሉት። ያዲፍ የተሰኘው ስልት ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ለሁለት ፊልድ አንድ ምስል ብቻ ያወጣል፤ የሚቆጠረውም በግማሽ ይቀንሳል። ቢደብልዩዲፍ የተሰኘው ለእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ምስል ስለሚሰጥ ለዚህ ትምህርት ይመረጣል። በክፍያ የሚገኘው ቶፓዝ ቪዲዮ በበኩሉ በሁለት ምስሎች መካከል ሌላ ምስል ፈጥሮ እንቅስቃሴውን ማለስለስ ይችላል። ውጤቱ ዐይንን ቢያስደስትም ሯጩ በዚያች ቅጽበት የት እንደ ነበረ የሚናገረው ካሜራው ሳይሆን ግምት ነው።

የምስሉ መጠን ሲጎላም ተመሳሳይ ችግር ይከሠታል። 720 በ576 የሆነ ምስል 414,720 ነጥቦች አሉት። ወደ 1,440 በ1,080 ሲጎላ 1,555,200 ይሆናሉ፤ ይኸውም ከአራቱ ነጥቦች ሦስት ያህሉ ተጨማሪ ናቸው ማለት ነው። ላንዞስ የተባለው ስልት ተጨማሪዎቹን ከአጎራባች ነጥቦች ያሰላል፤ ደብዘዝ ቢልም ያልነበረ ፊደል አይፈጥርም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ሪል ኢ.ኤስ.አር.ጋን ግን ከሌሎች ምስሎች የተማረውን ይጨምራል። በሰሌዳ ላይ «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የሚለየው ሰረዝ ደብዝዞ ከሆነ አንዱን ፊደል በሌላው ሊተካ ይችላል። ተማሪውም ከደበዘዘው እውነት ይልቅ ጥርት ያለውን ስሕተት ያምናል።

እርግጥ ነው፣ የደበዘዘ ምስል በኋላ ወንበር የተቀመጠውን ተማሪ ያደክማል። ስለሆነም እንደ ጭላሎ ተራራ ያለ መልክዓ ምድር በአስተውሎት ፕሮግራም ቢጎላ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ጽሑፍ፣ ቁጥርና የሚለካ እንቅስቃሴ ያለበት ቅጂ ግን ፊልዶቹ ሳይጣሉ በቀላሉ ስልት ብቻ ሊጎላ፣ ዋናው ቅጂም ሳይነካ ሊጠበቅ ይገባል። አንድ ጊዜ የተጣለን ፊልድ የሚመልስ ፕሮግራም የለምና።